የጋሼ በላይነህ አሮጌ ዲስክ

አምሃ እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ቀበና ወንዙ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቁ ሞቶ የመጣ ኮምፒውተር ነፍስ ዘርቶ ይወጣል። ችግሩ ሌላ ነው። «ይህን አላውቀውም» ማለት ለእሱ ሞት ነው። ደንበኛ ጋ ደውሎ «ይሄ ነገር ምንድነው?» ብሎ መጠየቅማ ጭራሽ አይታሰብም! «ጠይቄ ልሠራማ ምኑን ባለሙያ ሆንኩት?» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። እግዜር ይይለት፣ ይቺው ጠባዩ ነች ጉድ የሠራችው።

አንድ ቀን ጋሼ በላይነህ ኮምፒውተራቸውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ ከእንጦጦ ማርያም በታክሲ ቁልቁል ይዘዋት መጡ። ጋሼ በላይነህ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ቀበና ኖረው ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ ነው እንጦጦ እህታቸው ግቢ የገቡት። ኮምፒውተሯ የመሥሪያ ቤታቸው ነበረች፤ ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ሲወጣ ገዟት። ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቦታ የማትይዝ፣ ስትነሳ ግን ወገብ የምትቆርጥ የቢሮ ኮምፒውተር ነች።

«አምሃዬ፣ ይቺ አሮጊት ደክማለች» አሉት። «ከፍቻት ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና ታስባለች። ጣላት ብትለኝም አልጥላትም፤ እስቲ አድስልኝ።»

«ለእኔ ይተዉት ጋሼ! ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ የሚሉትን ፈጣን ዲስክ አስገባላታለሁ፣ ራም እጨምራለሁ፣ አዲስ ዊንዶውስ እጭናለሁ። ቁልፉን ነክተው እጅዎን ሳይመልሱ ትከፈታለች።»

«ተባረክ። ብቻ ፎልደሬን አደራ።»

የዚያን ፎልደር ነገር ቀበና የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ጋሼ በላይነህ ለቅሶ ቤት ይጠራሉ። ቤተሰቡ መሀል ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ፣ ይሰማሉ፤ ከዚያ ቤታቸው ሄደው የሟቹን የሕይወት ታሪክ ይተይባሉ፣ ቀብሩ ላይ ይነበባል። የእሳቸው ደግሞ እንደ ሌላው «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ተወለዱ» ብሎ አያበቃም። ሟቹ ምን ሲሰማ እንደሚቆጣ፣ ከማን ጋር ተኳርፎ በማን ሽምግልና እንደታረቀ፣ ምን ዓይነት ወጥ ሲቀርብለት እንደሚያኮርፍ ሳይቀር ይጽፉታል። ለቀስተኛው እያለቀሰ ይስቃል። አሁን ቀበና ፈርሶ ሰዉ ካራም ሌላም ቦታ ሲበተን፣ ጋሼ ያን ሁሉ ሰብስበው አሳትመው ለየቤቱ ሊያድሉ አስበዋል። ኮምፒውተሯን የሚያሳድሷትም ለዚሁ ነው።

ከእነዚያ ታሪኮች አንዱ የአምሃ እናት፣ የእትዬ የማርያምወርቅ ነው። እሷ ስትሞት አምሃ ሐዋሳ ሥራ ላይ ነበር። መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ሲደርስ ድንኳን ብቻ ጠበቀው፤ እናቱን ቀብረዋታል። «ምን የመሰለ ታሪክ ተነበበላት መሰለህ!» ያላለው ሰው የለም። የተነበበው ወረቀት በለቅሶው ግርግር የት እንደገባ አልታወቀም። ጋሼን ሄዶ መጠየቅ ነበረበት፤ አፈረ። እናቱን ያልቀበረ ልጅ ምን ብሎ ይጠይቃል? እንዲሁ ዓመታት አለፉ።

ጋሼም ይህ የገባቸው ይመስላል። ሊወጡ ሲሉ ከበሩ መለስ ብለው፣ «መጀመሪያ የማትመው የእናትህን ነው። ለአንተ» አሉት። አምሃ ዓይኑ እንባ አቀረረበትና ካቻቪቴ የሚፈልግ መስሎ ጠረጴዛው ሥር አጎነበሰ።

ሥራውንማ አሳምሮ ሠራው። አቧራውን ነፋ፣ ማራገቢያውን አጸዳ፣ ኤስኤስዲውንም ራሙንም አስገባ። ከዚያ አሮጌውን ዲስክ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ «የሕይወት ታሪክ» የሚለውን ፎልደር አገኘ። አንዱን ፋይል ከፈተ።

አማርኛ የለም። ኮፍያ ያደረጉ፣ ጅራት ያወጡ የፈረንጅ ፊደሎች፣ የጥያቄ ምልክት፣ የብር ምልክት፣ ዝብርቅርቅ። ሌላ ከፈተ፤ ያው። አሥር ከፈተ፤ ያው።

«ቫይረስ!» አለ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ። «በላው! ሁሉንም በላው!»

አይፈረድበትም ልበል? ቫይረስ የበላው ፍላሽ ተሸክሞ ያልመጣበት ቀን የለም፤ አማርኛ መጻፍ የለመደውም በስልክ ነው። እናቱም እዚያ ውስጥ እንዳለች አስቦ ከልቡ አዘነ። ስልኩን አንስቶ የጋሼን ቁጥር አወጣ። ሊደውል ነው ስትሉ መልሶ አስቀመጠው። ምን ይበላቸው? «ይሄ ምንድነው?» ሊል ነው? እሱ አምሃ? ደግሞም ሽማግሌ በስልክ አይረዳም፤ ሲመጡ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ አለ። ፎቶዎቹንና ሌላውን ገልብጦ ያን ፎልደር ተወው፤ ቫይረስ ወደ አዲሱ ዲስክ አላሻግርም ብሎ።

በሱቁ ልማድ ከኮምፒውተር የወጣ ዲስክ እዚያው ይቀራል። ያን ሰሞን ካራ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጠው ሁሴን የሱቅ ካሜራ አዝዞ መቅጃው ዲስክ ጎድሎት ነበር። አምሃ የጋሼን አሮጌ ዲስክ ፎርማት አድርጎ፣ ያለበትን ሁሉ አጥፍቶ፣ ወስዶ ገጠመለት።

ጋሼ ጉንፋን ጥሏቸው ኖሮ ብቅ ያሉት ከወር በኋላ ነው። ቁልፉን ሲነኩ ኮምፒውተሯ ወዲያው ተከፈተች። «ወይ ጉድ! አሮጊቷ ኮረዳ ሆነችብኝ!» ብለው ሳቁ፣ አምሃን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ ዓይናቸው ስክሪኑን ቃኘ። «ፎልደሬስ?»

«ጋሼ፣ አዝናለሁ። ቫይረስ በልቶታል። ከፍቼ አየሁት፣ አንድ አማርኛ የለውም።»

«ምን ይመስል ነበር?»

ነገራቸው። ጋሼ ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«አምሃ፣ ያ ቫይረስ አይደለም። እኔ የምጽፈው በድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ነው። እሱ ካልተጫነ እንዲያ ነው የሚታየው፤ ሲጫን አማርኛው ይመጣል። ሲዲውም ቤቴ አለ። ምነው ብትደውልልኝ?»

አምሃ ካራ ወስዶ የገጠመው ዲስክ ትዝ አለው። «ሌላ ቦታ አላስቀመጡትም? ፍላሽ ላይ?»

«ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል፣ እንዳይነኩት ብለህ ያስጠነቀቅከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ካራ በረረ። ሁሴን ነገሩን ሲሰማ ካሜራውን ራሱ አጠፋ። «ውሰደው ወንድሜ፣ የሙታን አደራ ነው። ሌባ ቢመጣም ቆርቆሮ ተሸክሞ የት ይደርሳል?» አለው። አምሃ የሚያውቀውን መፈለጊያ ፕሮግራም ሁሉ ዲስኩ ላይ ሞከረ። የሚወጣው የሁሴን ሱቅ በር ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ነው። በር ላይ ቆማ የምታመነዥክ የሰው ፍየል ነች። መቅጃው ዲስኩን ሞልቶ ጨርሶ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየደረበበት ነበር። ከጋሼ ጽሑፍ አንዲት ቃል አልተረፈችም።

በማግሥቱ እንጦጦ ወጣ። ዝናብ ያረጠበው ዳገት እያንሸራተተው፣ ምን እንደሚል እያሰበ ደረሰ። ጋሼ ፊቱን ሲያዩ ገባቸው፤ አልተቆጡም። ቢቆጡት በስንት ጣዕሙ!

«ጋሼ፣ የእናቴን እንኳ በቃልዎ ቢነግሩኝ?» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«አልይዘውም ልጄ። ጽፌ ካስነበብኩ በኋላ እለቀዋለሁ። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሜ እንዴት እኖራለሁ? እሷ ትያዝልኝ ብዬ ነበር» አሉ፣ ወደ ኮምፒውተሯ እያዩ። መነጽራቸውን አደረጉ። «ና፣ ቁጭ በል። ለቅሶ ቤት እንደምጠይቀው ልጠይቅህ፤ ትነግረኛለህ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። እናትህ የት ተወለደች?»

«ሰላሌ።»

«ሰላሌ የት?»

አምሃ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ ይሁን። ማን አሳደጋት? አዲስ አበባስ ከማን ጋር መጣች?»

«አክስቷ ጋ ይመስለኛል... አላውቅም ጋሼ።»

«ከአባትህ ጋር እንዴት ተዋወቁ?»

አምሃ ከእናቱ ጋር አንድ ጣራ ሥር አድጎ፣ እጇ የሠራውን እየበላ፣ ይህን አያውቅም። ተስፋ ባለመቁረጥ ቀና አለ። «ያን ጊዜ የነገረዎት ማን ነበር? ሐዘንተኞቹ ናቸው? ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ! ካራም ይሁኑ የትም ይሁኑ!»

ጋሼ በላይነህ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ራሷ ነች» አሉ። «አልጋ ላይ ሳለች አስጠራችኝ። ብዙ ቀን ተመላልሼ ነው የጻፍኩት። ‹ልጄ ይህን ሁሉ ጠይቆኝ አያውቅም፤ አንድ ቀን ይጠይቅ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ይስጡልኝ› አለችኝ።»

አምሃ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ቀብሯ ላይ ሊያለቅሰው የሚገባውን ለቅሶ አለቀሰ። ጋሼም ተነስተው አጠገቡ ቆሙ፤ «ምነው ቀደም ብዬ በሰጠሁህ» ይላሉ ደጋግመው፣ ጀርባውን እያሻሹ።