ከአበባው ሥር ያለው ገብስ

ጋፋት ላይ መድፍ መሠራት በጀመረበት ዘመን በደብረ ታቦር ዙሪያ እህል ያለው ሰው ሁሉ «እህል የለኝም» ባይ ሆኖ ነበር። የሠራዊቱ ሰፈር ቅርብ ነው፤ ወታደሩም ቀለቡን የሚሰበስበው ከገበሬው ቤት ነው። ስለዚህ ጎተራው ባዶውን ይቆማል፣ እህሉ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ወታደሮቹ ይህን ያውቃሉ። እነሱም ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸውና የአባቶቻቸውን ብልሃት የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። ጓሮውን በጦር ጫፍ ይወጋጋሉ፤ ከዚያ መሬቱ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ይጠብቃሉ። ውሃው ቶሎ የሰረገበት ቦታ ከሥሩ ጉድጓድ አለ ማለት ነው።

እሸቴ የሚባል ገበሬ ሐሳቡን ያገኘው ከዚሁ ነው። ውሃ ባለበት ቦታ ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው የለም። መኸሩን እንደ ሰበሰበ ከቤቱ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውስጡን በጭድና በእበት ለቀለቀ፤ የዘር ገብሱን ከተተና አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጠመ። በድንጋዩ ላይ ሸክላ ሠሪዎች የሚፈልጉትን ዓይነት የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር አልብሶ በከብት አስረገጠ። ከዚያም ላይ ክንድ ሙሉ ጭቃ ደለደለና የምንጩን ውሃ በቦይ መለሰበት። ኩሬ ሆነ። ነገሩን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ትርንጎ ብቻ ነበሩ። ያ ገብስ ከሄደ በሰኔ የሚዘሩት የላቸውም፤ በሰኔ ካልዘሩ ደግሞ ልጆቻቸው የሚበሉት የለም።

ችግሩ ኩሬው አዲስ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ዳር ዳሩ ቀይ አፈር፣ ውሃው ድፍርስ፤ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። እሸቴ ሐሙሲት ገበያ በወረደ ጊዜ በዚያው አልፎ እስከ ጣና ዳር ሄደ። ከረግረጉ የውሃ አበባ ሥር ነቀለና በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ በአህያ ጭኖ ተመለሰ።

«ይህ ከበቀለበት ኩሬው ከአያቴ ጀምሮ የነበረ ይመስላል» አላት ትርንጎን።

«አያትህ ይህን ሰምተው በሳቁ» አለችው።

የሐይቅ ዳር ሰው ደጋ ሲወጣ እንደሚሆነው ሁሉ አበባውም ታመመ። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ውርጭ አጠቆራቸው። እሸቴ ከሣር ክዳን ጎነጎነ፤ ማታ ማታ ኩሬውን ያለብሰዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገልጠዋል። ከብት እንዳይደርስበት ዙሪያውን በእሾህ አጠረ። የደረቀ እበት በጭቃ እያድቦለቦለ ከሥሩ አጠገብ ይቀብርለት ጀመር። ይህ ሁሉ ለገብሱ ሲባል ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር።

ውርጩ ሲያልፍ፣ በመጋቢት አበበ። ቅጠሉ ውሃው ላይ ተነጠፈ፤ አበባው ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲሞቀው ይከፈታል፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ይከደናል። እሸቴም ረፋድ ላይ ጥማዱን ማሳ ውስጥ አቁሞ ወደ ጓሮው ይመጣ ጀመር። ቆሞ አይቶ ይመለሳል። መቼ እንደ ወደደው እሱም አያውቀውም። ጎረቤቶቹ ግን ቶሎ ነው ያወቁት፤ አበባውን «የእሸቴ ዕቁባት» ብለው ስም አወጡለት። ትርንጎ በፊት በፊት አብራ ትስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁ ቀረ።

«እኔ ታምሜ ወድቄ በነበረ ጊዜ እንዲህ ደጋግመህ አላየኸኝም» አለችው አንድ ቀን።

እውነቷን ነበር። እሸቴም ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ የታመመች ሚስት ምን እንደሚደረግላት አያውቅም ነበር፣ ለአበባው የሚደረገውን ግን ያውቃል።

በግንቦት ወታደሮቹ መጡ። አምሳ አለቃቸው ከደጁ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ የቀሩት ቤቱን በረበሩ፣ ጓሮውን ወጉ፣ ውሃ አፈሰሱ። እሸቴ «እንቁላል እንኳ የለኝም» ብሎ በማርያም ማለ። ኩሬውን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም፤ የእሾህ አጥሩን ገፋ አድርገው በቅሎዎቻቸውን አጠጡበት። ትርንጎ ከበሩ ላይ ሆና ይህን ስታይ ትንፋሿ ተመለሰ።

ከወታደሮቹ አንዱ ሙላቴ የሚባል የደራ ሰው ነበር። ኩሬው ዳር ደርሶ ቆመ።

«ይኸማ የኛ አገር አበባ ነው! እዚህ ማን አመጣው?»

«ከአያቴ ጀምሮ የነበረ ነው» አለ እሸቴ።

«ተዉ እንጂ አባቴ! ይኸ ሰው ካልተሸከመው ደጋ አይወጣም።» ሙላቴ ግን እህል እየፈለገ አልነበረም፤ አገሩ ነው ትዝ ያለው። «ክረምት ሲጠናብን እናቴ ሥሩን በፍም እየጠበሰች ታበላን ነበር» አለና ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ገባ።

«አልቅት አለበት!» አለ እሸቴ።

ሙላቴ ሳቀበት። ጣና ዳር ያደገ ሰው በአልቅት አይመለስም። ጎንበስ ብሎ እጁን እስከ አንጓው ጭቃው ውስጥ ከተተና የመጀመሪያውን ሥር ሳበ። ቅጠሎቹ ተግተልትለው ወጡ፤ ተከፍቶ የነበረ አንድ አበባ ተበጥሶ ውሃው ላይ ቀረ።

«ተው!» ብሎ ጮኸ እሸቴ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እሸቴ ደነገጠ፤ የጮኸበትን ምክንያት መስጠት ነበረበትና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። «ምን ጭቃ ያስበላችኋል? በሬ አለኝ። ዳማውን በሬዬን ውሰዱና እረዱት።»

አምሳ አለቃው ከተቀመጠበት ተነሣ። እንቁላል የለኝም ብሎ የማለ ሰው፣ ዝናብ ደጅ ደርሶ ሳለ፣ የሚያርስበትን በሬ ሳይጠየቅ ይሰጣል። ወደ ኩሬው ቀስ ብሎ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔንም የወለደኝ ገበሬ ነው» አለ። «አባቴ በግንቦት በሬውን ከሚሰጥ እኔን ቢሰጥ ይቀለው ነበር። ኩሬው ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም ጌታዬ፤ አበባ ነው።»

«እንግዲያው አበባውን አውጡት።»

ቦዩን ዘግተው የኩሬውን ዳር በዶማ ሰበሩት፤ ውሃው ወደ ታች ማሳ ፈሰሰ። ጭቃውን ከነአበባው እየዛቁ ወደ ዳር ጣሉት። ብዙም ሳይቆይ ዶማው ድንጋይ ነካ። እሸቴ ሥራውን አሳምሮ ሠርቶት ኖሯል፤ ያ ሁሉ ውሃ ተኝቶበት አንዲት ፍሬ አልሻገተችም። አምሳ አለቃው ገብሱን በመዳፉ ዘግኖ አሸተተና «እጅህ ይባረክ» አለው። ሲቀልድ አልነበረም። ገብሱን በአቁማዳ እየሞሉ በበቅሎዎቹ ላይ ጫኑት።

«ጌታዬ፣ በሬውን እንኳ ይተዉልን» አለች ትርንጎ።

«እሱንማ ባልሽ ሰጥቶናል» አላት፤ ዳማውንም እየነዱ ወጡ።

ሙላቴ ከሁሉም ኋላ ቀረ። «እኔ ሥሩን ብቻ ነበር የፈለግሁት አባቴ» አለ። «ማርያምን!» ብሎ ጓደኞቹን ተከተለ።

ወታደሮቹ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ትርንጎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ከዳርና ከዳር የተበተነውን ገብስ ከጭቃው እየለየች በቀሚሷ ትለቅም ጀመር። እሸቴ ከላይ ሆኖ ከጭቃው ክምር ውስጥ የአበባውን ሥር እየፈለገ በክንዱ ያቅፋል።

«እጁ የት ድረስ ነበር የገባው?» አለችው ቀና ሳትል።

«የማን?»

«የዚያ የደራው ሰው።»

«እስከ አንጓው።»

«ጭቃው ክንድ ሙሉ ነው። ከሱ በታች ጥቁሩ አፈር አለ። ድንጋዩ ከዚያም በታች ነው።» አሁን ቀና ብላ አየችው። «ሁለት ሦስት ሥር ነቅሎ ይሄድልን ነበር። ገብሱ ጋ አይደርስም ነበር። የደለደልከው አንተ ነህ፤ ታውቀዋለህ። ለምንድን ነው የጮህከው?»

እሸቴ «ለዘሩ ፈርቼ ነው» ቢላት ታምነው ነበር፤ ልታምነው ፈልጋም ነው የጠየቀችው። እሱ ግን ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበረውም። ሥሮቹን እንዳቀፈ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሲነቅለው አላስቻለኝም» አላት።

ወታደሮቹ ገብሱን ሲጭኑ፣ በሬውንም ሲነዱ ያልመጣው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።