ቡሬ ቀድማ ቀላች

«ቡሬ ደግማ ቀላች!» አለች አምለሰት።

በፍኖተ ሰላሙ የዞን መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ከፊቷ ባለው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ክብ አለው፤ መስመሩ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ሲቋረጥ ቀይ። ከፋሲካ ወዲህ ፀሐይዋ በርታ ስትል መጀመሪያ ቡሬ ትቀላለች፤ ወዲያው ደምበጫ፣ ከዚያ የቀሩት ሁሉ።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ገደፋው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ከቡሬ ነው የሚጀምረው አላልኩሽም? ባምላኩ ማሽኑን አጥፍቶ ምሳ ይሄዳል፤ እሱ ሲጎርስ ዞኑ ይጠፋል። ነገ ወረዳዎቹ በስክሪን ስብሰባ አላቸው። ዛሬ ካልተስተካከለ አሰናብተዋለሁ። በቃ።»

ባምላኩ የቡሬው ባለሙያ ነው። አምለሰት ደወለችለትና የተባለውን ነገረችው።

«ኧረ በቅዱስ ሚካኤል!» አለ። «ከማሽኑ ፊት ተነሥቼ አላውቅም። እናቴ ምሳዬን እዚህ ድረስ ትልክልኛለች፤ የታሰርኩ መስሏት አልቅሳለች።»

«ታዲያ ለምን ጠፋህ?»

«እኔ የት ጠፋሁ? መብራቴ ሁሉ አረንጓዴ ነው። እናንተ ናችሁ የጠፋችሁብኝ።»

ስልኩን ዘግታም ይህ ቃል ከአእምሮዋ አልወጣም። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ወረዳዎቹን ጻፈችና ከእያንዳንዱ መስመሩ ወደሚደገፍበት ዕቃ ቀስት ሳበች። ደምበጫ በቡሬ ምክንያት የሚቀላ ቢሆን ከደምበጫ ወደ ቡሬ የሚሄድ ቀስት መኖር ነበረበት። የለም። ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚሄድ አንድም ቀስት የለም። ሁሉም የሚያርፉት አንድ ሳጥን ላይ ነው፤ መስመሮቹን የሚያከፋፍለው ስዊች ላይ።

ታዲያ ቡሬ ለምን ትቀድማለች? ወደ ፕሮግራሙ ተመለሰች። ፕሮግራሙ ወረዳዎቹን «አላችሁ?» እያለ በተራ ይጠይቃል፤ ተራው የሚጀምረው ከቡሬ ነው። ቀድማ የምትቀላው ቀድማ ስለምትጠየቅ ብቻ ነበር።

በዚህ ነው ሰው ሊባረር የነበረው?

ሳጥኑ የት እንዳለ ግን አታውቅም። እሷ ከመቀጠሯ በፊት፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ክረምት ከቦታው ተነሥቷል። ገመዱን በግድግዳው ሥር ተከተለችው። ገመዱ ግድግዳውን በስቶ አቶ ገደፋው ቢሮ ገባ።

አስፈቅዳ ገባች። ከወንበራቸው ኋላ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ሁለት ጣዎሶች ፊት ለፊት የቆሙበት ወፍራም ዳንቴል የለበሰ ነገር አለ። ሁልጊዜ ሬዲዮ ይመስላት ነበር። ዳንቴሉን ስትገልጠው የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተ ያህል ሙቀት ፊቷን መታት። ሳጥኑን ነክታ እጇን ሰበሰበች፤ ታፍኖ ሲግል ነው የሚጠፋው።

«ማነው ይህን ያለበሰው?»

«እኔ ነኛ! አቧራ እንዳይገባው። ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ?»

«ለፋሲካ ነው፤ የባምላኩ እናት እማማ እንቁ ናቸው በእጃቸው ሠርተው የላኩልኝ። ልጄን ቀጠርክልኝ ብለው። አየሽ፣ ገበር እንኳ…»

አልጨረሱትም። አምለሰት ባምላኩ ስለ ምሳውና ስለ እናቱ ያላትን ነገረቻቸው፤ ወረቀቱንም ከግድግዳው አንሥታ አመጣችና ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋችው። አቶ ገደፋው ቡሬ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ቀስቱን ተከተሉ፤ ጣታቸው ሳጥኑ ላይ ደርሶ ቆመ። ዞረው ወንበራቸውን አዩ፤ ከዚያ መደርደሪያውን። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ከእኔው ጀርባ?» አሉ። ዳንቴሉን ይዘው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

አምለሰት በአንድ ክላሰር ሳጥኑን ታራግባለች። ቆይቶ መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ፤ አምለሰት አንሥታ «ሃሎ» አለች።

«መጣችሁልኝ!» የባምላኩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቀጥሎ ዝግ ብሎ፣ «አምለሰት፣ ጋሼ ምን አሉ? ዕቃዬን ልሰብስብ?»

አቶ ገደፋው ስልኩን ተቀበሏት።

«ገደፋው ነኝ። ዕቃህን አትንካ። ጥፋቱ እዚህ ነው… እኔው ዘንድ ነው።» ሰዓታቸውን አዩ። «ሂድ፣ ምሳህን ቤትህ ብላ። እናትህም አለመታሰርህን ይዩ።»

«እሺ ጋሼ። ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?»

አቶ ገደፋው የእማማ እንቁን ጣዎሶች ዝቅ ብለው አዩ። ዳንቴሉ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ገና አልበረደም።