የመክፈቻውን ካርታ ማን አወጣው?

ታሊያ ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብላ ትኮራለች። ይህን ኩራቷን ከራሷ አፍ ያልሰማ ሰው በፖርት አድሌድ የለም።

ሥራዋ የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድን ማሠልጠን ነው። ጨዋታው ሰባት ካርታ፣ ማለትም ሰባት የፍልሚያ ሜዳ አለው፤ በዚህ ወር የየቅዳሜው ግጥሚያ በየትኛው እንደሚከፈት የመምረጡ ዕጣ የደረሰው ለእሷ ቡድን ነው። ምርጫው የሚገለጠው ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡ ትንበያ ገበያው ላይ ይሻሻጣል። ከሰባቱ አንዱ ማማ ነው እንበል፤ «በማማ ይከፈታል» የሚለውን የሚገዛ ሲበዛ ዋጋው ወደ መቶ ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል። የሚያሲዙት ገንዘብ ሳይሆን ነጥብ ብቻ ነው፤ ጉራው ግን የእውነት ነው።

ችግሩ ገበያው ሦስት ሳምንት ሙሉ አለመሳሳቱ ነው። ታሊያ የመረጠችው ካርታ በዋዜማው ሰማንያ ይገባል፤ ተጋጣሚዎቿ ዋጋውን አይተው ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ የእሷ ቡድን ይሸነፋል። አፉን መዝጋት ያቃተው ሰው አለ ማለት ነው። ታሊያ ከተጫዋቾቿ አንዱን፣ ጃሮድን፣ ጠርጥራለች፤ ስልኩ ከእጁ አይለይማ። እሱ ከሆነ ዛሬውኑ ልታሰናብተው ቆርጣለች። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው እሱን በመሆኑ ንዴቷ እጥፍ ነው።

አርብ ጠዋት አምስቱን ተጫዋቾች አንድ በአንድ እየጠራች ለእያንዳንዱ የተለያየ ካርታ ነገረችው። ለጃሮድ ማማን ሰጠችው። እውነተኛውን፣ ጉድጓድ የሚባለውን፣ ለማንም አልተነፈሰችም። ከዚያ እንደ ልማዷ ምሳ አዘዘችላቸውና ስልኳ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ገበያው ተነቃነቀ። ማማ አሥር። ጉድጓድ ሰማንያ አንድ።

ታሊያ ስልኩን አጥፍታ አበራችው። ሰማንያ ሦስት። በእንቅልፍ ልቧ አውርታ እንዳይሆን ጠረጠረች፤ ግን የምትኖረው ብቻዋን ነው። ግራ ሲገባት የምትሄደው መንገዱን ተሻግሮ ወዳለው የግሌኒስ ዳቦ ቤት ነውና ወደዚያው ገሠገሠች።

«ምነው፣ ፊትሽ ኩፍ ያላለ ሊጥ መሰለ?» አለቻት ግሌኒስ።

«አንድ ሰው ካርታዬን ገበያ እያወጣብኝ ነው።»

«አንድ ሰው አትበዪኝ፤ ስም አለኝ! ከመላው አውስትራሊያ አራተኛ ተንባይ ነኝ። እኔ ስገዛ ሌላው ተከትሎኝ ይገዛል።»

«አንቺ? ከማን ሰምተሽ?»

«ካንቺው ነዋ! ማማ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ሆዳቸው ሞልቶ ይረጋጉ ብለሽ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረውን የሥጋ ፓይ ታዢያለሽ። ለድልድይ ሳንድዊች፣ ጣታቸውን ቅባት እንዳይነካው። ጉድጓድ ላይ መጯጯህ ስላለ ጉሮሯቸው እንዳይዘጋ ሾርባና ዝንጅብል በማር። ዛሬ ስድስት ሾርባ ልኬልሽ የለም እንዴ?»

«እኔ ይህን ነግሬሽ አላውቅም!»

«አምና እዚሁ ቆመሽ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሽኝ እንጂ። ወረፋው በሩን አልፎ ነበር፤ ሁሉም ሰምቶሻል።»

ታሊያ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ወደ ልምምድ ክፍሉ ስትመለስ አራቱ ሾርባቸውን ጨርሰው ውጭ ይሳሳቃሉ። ጃሮድ ብቻውን ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሏል። የሚጫወተው ማማን ነው፤ ሾርባው አጠገቡ ቀዝቅዟል።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነህ?»

«ማማ ነው ብለሽኝ የለ?»

«ጃሮድ፣ ዋሽቼህ ነው። ምስጢር የምታወጣው አንተ ነህ ብዬ ጠርጥሬህ ነበር። ለካ የማወጣው እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ውሸት መሆኑንማ ሾርባው ሲመጣ አወቅሁ» አለ፣ ዓይኑን ከማያው ሳይነቅል።

«ታዲያ ለምን ትለማመዳለህ?»

«አሠልጣኜ አይደለሽ? የሆነ ምክንያት ይኖራታል ብዬ ነዋ።» የቀዘቀዘውን ሾርባ ገፋ አደረገና «ፓይ አለመምጣቱ ግን አናዶኛል» አለ።

ታሊያ ወደ ዳቦ ቤቱ ተመለሰችና ገና ከምድጃ የወጣ አንድ ትልቅ የሥጋ ፓይ ለጃሮድ ገዛች። ግሌኒስ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ወሬ የማያልቅባት ሴትዮ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም።

ታሊያ መንገዱን ተሻግራ ሳትጨርስ ስልኳ ላይ ማማ ሰባ ገብቶ ነበር።