ከበርሚሉ ሥር የኖረችው ሙሽራ

እማማ ምንታምር፣ የልጅ ልጃቸው ሊሊ የፊልሙን ቆርቆሮ መክፈቷን ሲሰሙ ጮኹ።

"እሳት ነው እኮ የከፈትሽው፣ አንቺ ልጅ!"

አባታቸው በጉልምስናቸው ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበሩ። ድምፅ ያልነበረው ዘመን ፊልም ሙቀት ብቻ ይበቃዋል፣ ቦግ ይላል። የአባታቸው የግራ እጅ ጣቶች ተቃጥለው እስኪሞቱ አልተዘረጉም። ሆኖም ከሁሉ የወደዷትን አንዷን ጥቅል አስቀርተዋል፤ ጎረምሳው ነፋስ የወሰደውን የወይዘሪቷን ባርኔጣ ሲያሳድድ የሚያሳየውን፣ ሳቅም ፍቅርም ያለበትን። "ሙቀት አታሳዪያት" ብለው ለልጃቸው ሰጡ። እማማ ምንታምር በስደቱ ጊዜ በነጠላ ጠቅልለው ወደ ኬንያ ድንበር አሻገሯት። ድንበሩ አጠገብ ማንያታ መንደር ከገቡ ወዲህም ከውሃው በርሚል ሥር አሸዋ ውስጥ ቀብረው፣ አሸዋውን ጧት ጧት ያረጥባሉ።

ሊሊ ምስሎቹን በስልኳ አንስታ፣ ናይሮቢ አሮጌ ፊልም ለሚያሰባስብ ነቢል ለሚባል ሰው ልካ ነበር።

"ጠፋ የተባለ ፊልም ነው አለኝ፣ እማማ! ነገ በባስ ልውሰድለት።"

"በዚህ ሐሩር? ጭንሽ ላይ አድርገሽ? እኔ በቁሜ!"

"መቶ ዓመት ያልነደደ ነገ ይነዳል?"

"ያልነደደው እኔ ውሃ እያጠጣሁት ነዋ!"

"እዚህም እኮ እየበሰበሰ ነው። ጠርዙ መላላጥ ጀምሯል።"

 ቢይዙት አደራው ሊበሰብስ፣ ቢለቁት ልጅቱ ልትቃጠል። እማማ ምንታምር ቁጭ ብድግ ሲሉ ዋሉ።

"ይሄ ነቢል የማን ልጅ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"እናቱ የዚሁ የጎረቤታችን የኦዳ መንደር ሰው ናት።"

"ታዲያ ወግ አያውቅም? ፈላጊ ሽማግሌ ይልካል እንጂ፣ ተፈላጊ ተሳፍራ አትሄድለትም። እዚሁ ይምጣ!"

"ፊልም እኮ ነው፣ እማማ!"

"ንገሪው አልኩሽ።"

በሳምንቱ ነቢል በረዶ የሞላ ሣጥን ተሸክሞ፣ አጎቱን ጎልቻን ከኦዳ አስከትሎ መጣ። ጎልቻ ደጃፉ ላይ ዱላውን ተክሎ፣ "ልጃችሁን ለልጃችን ፈልገን መጥተናል" ሲል ሊሊ በሳቅ ፈነዳች። እማማ ምንታምር አልሳቁም።

"ሲጋራ ያጨሳል?"

ጎልቻ የእህቱን ልጅ አየው። ነቢል ከኪሱ ላይተሩን አውጥቶ አጎቱ መዳፍ ላይ አኖረ።

"ናይሮቢ እስክደርስ አልነካም፣ እማማ። በአላህ!"

እማማ ምንታምር አሸዋውን ራሳቸው ቆፈሩ። ቆርቆሮውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው በረዶው መሃል አስቀመጡት፤ እጃቸውን ግን ቶሎ አላነሱም።

"አባቴ፣ ጎረምሳው ባርኔጣው ላይ ይደርስበታል ብለውኛል። እኔ አይቼው አላውቅም።"

"ሲጸዳ መጀመሪያ የሚያዩት እርስዎ ነዎት" አለ ነቢል።

በማግሥቱ ነቢል መንገድ ላይ ካለችው ከማርሳቢት ከተማ ሲደውል፣ እማማ ምንታምር ባዶው አሸዋ ላይ ውሃ እያርከፈከፉ ነበር።

"በረዶው አልቀለጠም?" አሉ፣ ሰላምታውንም ሳይመልሱ።