ያልተቀመሰው የኤሳኩ ድስት

የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ሃታኬያማ የኪኑኤን በር ያንኳኳው በመስከረም መጨረሻ፣ ጎደሬው ከመሬት መውጣት በጀመረበት ሰሞን ነበር። ግባ እስክትለው እንኳ አልጠበቀም፤ ደጃፉ ላይ እንደቆመ እጅ ነሥቶ የመጣበትን ጉዳይ ዘረገፈው። የወንዝ ዳሩ የጎደሬ በዓል ደርሷል። ትልቁን ድስት ዕድሜውን ሙሉ ሲያጣፍጥ የኖረው ባለቤቷ ኤሳኩ ደግሞ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሌላ ሰው እናስሠራ ብንል ሰፈሩ በሙሉ አኮረፈን፣ ሁሉም የኤሳኩን ወጥ ነው የሚፈልገው አላት።

«ሚስቱ ነዎት፣ እትዬ ኪኑኤ። እጁን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

ኪኑኤ «አልችልም» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «እሺ፣ ምን ችግር አለው» የሚል ሆነ። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቶ፣ ሸክም ከጫንቃው እንደወረደለት ሰው እየተፍለቀለቀ ሄደ። እሷ በሩን ዘግታ እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ምክንያቱም ኪኑኤ የባሏን ወጥ አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም።

እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። የእኛን አገር ሰው ግትርነት የምታውቁ ግን አይገርማችሁም። በባሕሩ ወገን፣ እኛ ሾናይ፣ ጎደሬ በአሳማ ሥጋና በሚሶ፣ በተብላላው የአኩሪ አተር ሊጥ፣ ነው የሚሠራው። ከተራራው ወዲያ ያሉት ደግሞ በበሬ ሥጋና በሶያ ሶስ ይሠሩታል። ሁለቱም ትክክለኛው የእኔ ነው ባይ ነው፤ በዚህ የተነሣ የተኳረፈ ዘመድ ሞልቷል። ኪኑኤ ከተራራው ወዲያ፣ ከሳጋኤ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ ተድራ የመጣች ናት።

በመጣች በመጀመሪያው መኸር ኤሳኩ የማኅበሩን ትልቅ ድስት ጥዶ ሲያማስል፣ እሷ ከእሱ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ የወንዝ ድንጋይ ጎለተችና የራሷን ትንሽ ድስት ጣደች። ኤሳኩ ሳኬ፣ ያን የሩዝ ጠጅ፣ ቀማምሶ ነበር። መጣና ወደ ድስቷ አየት አድርጎ፣ ይሄማ የበሬ ቅቅል ነው፣ ጎደሬው መንገድ ስቶ ነው የገባበት አለ። ሰው ሳቀ። እሷም አፍ አላት፤ ያንተስ የአሳማ ሾርባ አይደል ወይ፣ ጎደሬው አፍሮ እኮ ነው ከታች የተደበቀው አለችው። ሰው ይበልጥ ሳቀ። ሳቁ ነው ጉዱን ያመጣው። ኤሳኩ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማለ።

«አንቺ የእኔን ሳትቀምሺ ያንቺ ከንፈሬን አይነካም!»

«አንተ የእኔን ሳትቀምስ ያንተም የእኔን ከንፈር አይነካም» አለችው።

በቃ። እሱ እሷን ሲጠብቅ፣ እሷ እሱን ስትጠብቅ አርባ ስድስት መኸር አለፈ።

ደግሞ ተጣልተው እንዳይመስላችሁ። የሁለቱንም ድስት ጎደሬ ሲልጥ የሚያድረው እሱ ነበር፤ እጁ እያሳከከው፣ እያጉረመረመ። ወንዝ ዳር ሲደርሱም መጀመሪያ የእሷን ጉልቻ አስተካክሎ፣ ነፋስ እንዳያስቸግራት ከለል አድርጎላት ነው ወደ ራሱ ድስት የሚሄደው። ከዚያ ስድቡ ይጀመራል። ከማዶ ሆኖ፣ ኧረ ምን ተቃጥሎ ነው የሚሸተው ይላል። እሷ፣ አፍንጫህን ነው መታየት ያለብህ ትላለች። በዚያ ዘመን ሞጋሚ ወንዝ ዳር ሰው እንደ ጉንዳን ነበር። ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ ሰማያዊ ለብሰው ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ፣ ዓሣው በእንጨት ተሰክቶ እሳቱን ከቦ ቆሞ ይጠበሳል፣ የጮካይ ተራራ አናት ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጣል ብሎበታል። ሰው ግን ከሁሉም በላይ የሁለቱን ስድብ ሊሰማ ነበር የሚመጣው። ከሁለቱም ድስት የሚበላውን «ሰላይ» ይሉታል። ኪኑኤ እነዚያን ቀናት እያሰበች ራሷን ትጠይቃለች። ምን ነበር የቸኮለው፣ ያ ሁሉ ጊዜ?

ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የአምናው ነው። ኤሳኩ አምና ከስቶ ነበር፤ ቆሞ ማማሰል አቅቶት የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር ጭልፋውን የያዘው። አየችውና አንጀቷን በላት። ዘንድሮስ ሄጄ ልብላለት አለች በልቧ። ጎድጓዳ ሳህን አንሥታ አሥር እርምጃ ያህል ተራመደች። የኤሳኩ የልጅነት ጓደኛ ቶሜጂ፣ ያ ማገዶ ሲያቀብለው የኖረው፣ አያት። «መጣች! ልትሸነፍ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰው አጨበጨበ። እሷም ሳቀችና፣ ለከርሞ ብላ ተመለሰች። ለከርሞ!

አሁን ከርሞው መጣ። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ኪኑኤ ትልቁ ድስት ፊት ቆመች። የራሷን ትንሽ ድስት አላመጣችም፤ ማን ሊሰድብላት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ጣዕም አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ በአፏ ማግኘት። ዘንድሮ ካልተገኘ የሚያስታውሰው ሰውም እየሞተ ነው፤ በቃ ሊጠፋ ነው።

እጇ ደግሞ ምንም አያውቅም አይባልም። ያን ሁሉ ዓመት ከሃያ እርምጃ ርቀት ስታየው ኖራለች። ሥጋው መቼ እንደሚገባ፣ ሚሶውን በአንዴ ሳይሆን በሁለት ጊዜ እንደሚያሟሟው፣ ከሳኬው አንድ ለድስቱ አንድ ለአፉ እንደሚል፣ የባሮ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ እንደሚጥለው አይታለች። ያየችውን ሁሉ አደረገች። ለአፉ የሚለውን እንኳ አልተወችም። ከዚያ በጭልፋ ቀዳችና ቀመሰች። ጥሩ ሾርባ ነው። ግን የማን? የኤሳኩ ይሁን የሌላ ሰው፣ በምን ታውቀዋለች? ዓይን ጨው አይለካም።

ሰዉ ሳህኑን ይዞ ተሰልፏል። ሊቀመንበሩ ሃታኬያማ፣ ወጡ ደርሷል ወይ እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ኪኑኤ ጭልፋውን አስቀመጠች። እፍረቷን ዋጥ አድርጋ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

«አላውቀውም። አርባ ስድስት ዓመት አጠገቡ ቆሜ አልቀመስኩትም። የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ቅመሱና ንገሩኝ።»

ሊቀመንበሩ ክው ብሎ ቀረ፤ እሱ ከከተማ ተመልሶ የገባ ስለሆነ ጨዋታውን እንጂ እውነትነቱን አያውቅም ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጣችና ቀመሰች። ጣፈጥ ይል ነበር አለች። ከኋላዋ ያለው፣ ኧረ እንዲያውም ጣፋጭነት አልነበረውም አለ። ሦስተኛው የጭስ ሽታ ጎድሎታል ብሎ ተከራከረ። የሚጨቃጨቀው በዛ፤ ሁሉም የራሱን ኤሳኩ ይዞ ነው የመጣው። ኪኑኤ የዚህን ስኳር፣ የዚያን ውኃ ስትጨምር ጭራሽ ግራ ገባትና ተስፋ ቆረጠች። ተበላሸ አለች፤ በእጄ ጨረስኩት።

ያኔ ቶሜጂ ተነሣ። ጠዋት ማገዶውን አራግፎ ከሄደ ወዲህ ብቻውን፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ወንዙን ሲያይ ነበር የዋለው። መጥቶ ጭልፋውን ከእጇ ወሰደ። ቀመሰ። ሚሶ አንሷል አለ። ጨመረች። ደግሞ ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ።

«ጎደሬውን ጨፍልቂው» አላት። «ሁሉንም አይደለም፣ አንድ ሰባት ስምንቱን። በጭልፋው ጀርባ፣ ድስቱ ጎን ላይ። ሰው እንዳያይበት ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚያደርጋት።»

እውነት ነው፣ እሷ ከቆመችበት፣ ከጀርባው በኩል፣ ይሄ ሊታይ አይችልም ነበር። ኪኑኤ ጨፈለቀች። መረቁ ጠና አለ፣ መልኩም ደመን አለ። ቶሜጂ ሦስተኛ ቀመሰ። መረቁን ቶሎ አልዋጠውም። ከዋጠው በኋላ ፊቱን በአንገቱ ፎጣ ሸፈነው።

«ይሄ ነው» አለ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። የተቀበለው ሁሉ አንዴ ይጎነጭና ቀና ብሎ ያያታል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ይመጣል። ጭቅጭቁም ቀረ። ሁሉም ከተቀበለ በኋላ ኪኑኤ ለራሷ ቀዳች፣ ከቶሜጂ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ በላች። ጎደሬው ምላሷ ላይ ፈረሰ። ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ሆድ የሚያሞቅ ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ጩኸቱ ውስጡ የለም። እንዲህ ገር ነገር ይሠራ እንደነበር ሳታውቅ ከእሱ ጋር አረጀች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ፣ አልጠረገችውም።

«ቶሜጂ፣ አትደብቀኝ» አለችው ሳህኑን እያየች። «ተደብቆም ቢሆን የእኔን ቀምሶ ያውቃል?»

አዎ ቢላት ያምርበት ነበር። ቢዋሽላትም የሚጠላው ሰው የለም። ግን አላላትም።

«አያውቅም። ግን በየዓመቱ ይጠይቀኝ ነበር። ካንቺ በልቼ ስመለስ፣ ዘንድሮስ እንዴት ነው ይለኛል፤ ሰው እንዳይሰማበት ማገዶ የሚያስተካክል መስሎ።»

«አንተስ ምን ትለዋለህ?»

ቶሜጂ የራሱን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጨው በዝቶበታል እለዋለሁ። ግሩም ነው ካልኩት አንድ ቀን ሄዶ ይበላና ጨዋታው ይቀርብናል ብዬ ነዋ። ሰው የሚመጣው ለእናንተ ስድብ ነበር፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነበር። ምን ክፋት አለው አልኩ።»

«አምናም ጠየቀህ?»

«አምናም።»

ከበሮው ተጀምሯል፤ የሚጨፍሩት ግን ጥቂት ናቸው። ኪኑኤ ተነሥታ ልትሄድ አሰበች። በያዘችው ሳህን አናቱን ልትለውም አሰበች። ሆኖም እሷስ ያን አሥር እርምጃ ሄዳ የተመለሰችው ማን አስሯት ነው? ጭብጨባ ነው የመለሳት፤ ከቀሩት አሥር እርምጃዎች ይልቅ ሳቅ በለጠባት።

«ጨው በዝቶበት አያውቅም» አለች።

«አውቃለሁ» አለ ቶሜጂ፣ አንገቱን ደፍቶ። «አውቃለሁ፣ ኪኑኤ።»

የእሱን ሳህን ከመሬት አንሥታ ወደ ድስቱ ሄደች። ጎደሬው የበዛበትን ከታች አውጥታ ቀዳችለት፣ አምጥታ በሁለት እጁ አስያዘችው።

«ብላ፣ ሳይበርድ» አለችው። «መጠባበቅ ይብቃን።»