ግራጫዋና ባለቢጫ ጉሮሮዋ

ሁለቱ እህትማማቾች የሚሠሩት በአንድ ሙዚየም የወፍ ክፍል ውስጥ ነበር። ታላቂቱ ግራጫዋን ዘማሪ ወፍ አሥራ አንድ ዓመት አጥንታለች፤ በየአጥሩ የምትንጫጫ፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ መዝገብ ላይ «ስጋት የለባትም» ተብሎ የተጻፈላት ወፍ ናት። ታናሺቱ በገባች በሁለት ዓመቷ ባለቢጫ ጉሮሮዋን ያዘች፤ በአንድ ጫካ ብቻ የቀረች፣ «ለመጥፋት የተቃረበች» የተባለችውን። ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር የሚፈልገው ታናሺቱን ነው። እናታቸውም፣ «ያንቺዋ እኮ ሰፈሩን ሞልታዋለች፤ ማን ይገረምባታል?» ብለው ሲስቁ፣ ታላቂቱ አብራ እየሳቀች አንጀቷ ይቃጠል ነበር።

አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ሁለቱን ወፎች እንድታነጻጽር ታላቂቱን አዘዟት። በሳይንሱ አመዳደብ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ወገን ናቸው፤ የሚለዩት በዝርያ ነው። መንቁርና ክንፍ ስትለካ አንድ ሐሳብ ሽው አለባት፤ አንድ ዝርያ ቢሆኑስ? ያኔ ባለቢጫዋ ከግራጫዋ ጋር ትቆጠራለች፤ ብርቅነቷም አበቃለት። በመሳቢያው ካሉት ሃያ አራት የደረቁ ወፎች ልካቸው የተቀራረበውን አሥራ አራቱን ብቻ መዘገበች። «ልዩነታቸው የላባ ቀለም ብቻ ነው» ብላ ደመደመች።

ታናሺቱ ረቂቁን አነበበች። ታላቂቱ ጩኸት ስትጠብቅ፣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ጫካው ይከለል ብዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ላስመልሰው ነው።»

«ራስሽ ሳትለኪ?»

«አንቺ ለክተሽዋላ! መለካት ያስተማረኝ ማን ሆነና?»

ታላቂቱ ምነው በሰደበችኝ አለች በልቧ። ተነሣችና የኃላፊውን በር አንኳኳች።

«ከልኬቱ አሥር ወፎች ትቻለሁ» አለቻቸው።

«ረስተሽ ነው?»

«አልረሳሁም። በእህቴ ቀንቼ ነው።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ የመሳቢያዎቹን ቁልፍ ተቀበሏት፤ ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ሰጡት። ሰውየው ሃያ አራቱንም ለክቶ፣ ዜማቸውንም ቀድቶ አወዳደረና ሁለት ዝርያ መሆናቸውን አረጋገጠ። ጫካውም ተከለለ።

ታናሺቱ የሆነውን ሰምታ ክረምቱን ሙሉ እህቷን አላናገረቻትም። ሰላምታም በአገጭ ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ሻይዋን ይዛ ታላቂቱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ቆይ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም። ምንም አለማድረግሽ ነው ያንገበገበኝ። ብታስቀይሚኝማ እገላገል ነበር።»

«አሁንስ ለቀቀሽ?»

«አልፎ አልፎ ይነሣብኛል።»

ታናሺቱ አልሳቀችም፤ አይዞሽም አላለቻት። ሻይዋን ግን እዚያው ቆማ ጨረሰች።