ባልሽ አለ?

ምላሴን ይቁረጠው! ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከእሱ ነው። እናቴ በልጅነቴ «አንቺ ልጅ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ስትለኝ እየሳቅኩባት አደግኩ። አሁን ማን ይስቅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጆቼ አባት ጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ከእቶኑ የወጣውን ጠርሙስ አንድ በአንድ በመብራት ፊት እያሳለፈ ስንጥቅ ያለበትን መለየት ነበር። ፋብሪካው እቶኑን አጥፍቶ በሩን ሲዘጋ ቤታችን ውስጥ አራት ነፍስ ነን፤ እሱ፣ እኔ፣ የስምንት ዓመት ልጃችንና የጡቴ ወተት ስለደረቀ በዱቄት ወተት የሚያድገው ሕፃን። ልጅቷን ከቅጥነቷ የተነሳ ጭራሮ እንላታለን። እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ፤ እጥበቱ ግን የሕፃኑን ወተት እንኳ አይችልም። ማንኪያው የወተቱን ቆርቆሮ ቂጥ ሲፍቅ በሰማሁ ቁጥር ለስንት ቀን እንደቀረው እቆጥር ነበር።

ሥራ ላጡ ቤተሰቦች መንግሥት ድጎማ ሊሰጥ ነው ሲባል ተመዘገብን። ቤት ለቤት እየዞረ የሚያጣራ መዝጋቢ ይመጣል ተባለ፤ መጣም። ረፋድ ላይ ነው። እኔ በረንዳው ላይ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ገብቼ የሰው አንሶላ አሻለሁ። መዝጋቢው ታብሌቱን ታቅፎ፣ የጫማውን አቧራ ሊያራግፍ እግሩን ከደረጃው ጋር እያጋጨ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«ባልሽ አለ?»

«የለም» አልኩት።

ምን ልበለው ታዲያ? ቤት የለማ! ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ሰው በር ላይ ቆሞ «አለ?» ካለ «የለም» እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ይሄኔ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ራራ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። ገረመኝ። ሥራ ፍለጋ ለሄደ ሰው ያጽናሽ ይባላል እንዴ? ግን ከድጎማ ሰጪ ጋር ምን ክርክር አለኝ፤ ደግሞስ ሥራ ማጣት ከሞት በምን ያንሳል ብዬ «አሜን» አልኩ። አሜን! አፈር ልብላ እኔ!

ባሌ በማግስቱ ባዶ እጁን ተመለሰ። በሳምንቱ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። እጄ እርጥብ ስለነበር ጭራሮ አነበበችልን። «ባለቤታቸውን በሞት ላጡ እናቶች የሚሰጠው ድጋፍ ጸድቆልዎታል።»

ተያየን። ከዚያ እሱ በሳቅ ፈረሰ። «በሕይወት ሳለሁ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም!» አለ፣ ሆዱን ይዞ። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽም። ሳቁ ሲበርድ «ነገ ሄጄ ላስተካክለው» አልኩት።

«ተይ እስቲ። አንድ ወር ብቻ። ሕፃኑ ወተት ይጠጣ። ሥራ ስይዝ ራሴ ሄጄ አለሁ እላቸዋለሁ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እሺ አልኩ። ጥፋቱን በእሱ ብቻ አላላክክም፤ በገዛ አፌ እሺ ብያለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ጥሩ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የታክሲ ረዳት ሒሳብ ሳይጠይቀው ወርዶ «ዛሬም በነፃ!» እያለ ገባ። በሦስተኛው ቀን ግን ፊቱ ተለዋውጦ መጣ። ታክሲው ሞልቷል፤ እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ ረዳቱ ግን «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮሃል። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ገቡና እላዩ ላይ ተቀመጡበት።

«ምን አልካቸው?» አልኩት ሳቄ እየመጣ።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው እኮ ነኝ! አልኳቸው። መቀመጫው ይቀዘቅዛል አሉ ለረዳቱ።»

ሳቄን ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ አንድም ደግ ነገር የለም። የሕንፃ ሥራ የሚሠራበት ቦታ በጠዋት ሄዶ ይሰለፋል። ፎርማኑ «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ በጣቱ ሲመርጥ፣ ጣቱ እሱ ጋ ሲደርስ ክፍት ቦታ እንዳገኘ ሁሉ ዘሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን አልፎኝ ነው አለ፤ በሁለተኛው አላየኝም አለ። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ጥጉ ላይ ተቀመጠ።

የሰፈራችን ባለ ሱቅ ሴትዮ ደግሞ ሳሙና አምጥታልኝ ግቢ ገባች። እሱ ሕፃኑን አቅፎ አጠገቤ ቆሟል። «እንደምን ዋልሽ» አላት። አልመለሰችለትም። እኔን አየችና «ወይ እህቴ፣ ሁለት ልጅ ለብቻሽ! እንዴት ቻልሽው?» አለች። ልመልስላት አፌን ስከፍት ዓይኗ ሕፃኑ ላይ አረፈ፤ ጮኸች።

«አንቺ ሴት አበድሽ እንዴ? ልጁን እዚያ ከፍታ ላይ ታስቀምጪዋለሽ? ቢወድቅስ!»

ብላ ከአባቱ ክንድ ላይ ቀለብ አድርጋ ወሰደችው። እሱ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ።  እሷ ስትሄድ ሕፃኑን መልሼ ክንዱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሁለታችንም ፈርተን ነበር።

እኔ ግን እስከዚያ ድረስ ሌላው ሰው ነው የሚስተው፣ እኔማ እንዴት አድርጌ እል ነበር። አንድ ቀን ምሳ አቀረብኩ፤ ለእኔና ለጭራሮ። ተቀምጠን በላን። ጨርሰን ሳህን ሳነሳ ጥጉ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አየሁት።

«ሞት ይርሳኝ! ረሳሁህ እኮ!»

«ሞትማ የሚረሳ ሆኖ መች አገኘሁት» አለኝ። ቀልድ ነበር፤ ግን እሱም አልሳቀ።

በነጋታው የባሰው መጣ። ከሚስማሩ ላይ አንድ ጃኬት አወረድኩ። የየትኛው ደንበኛ ነው ብዬ አገላበጥኩት፤ ምልክት የለውም። አጠብኩት፣ ተኮስኩት፣ አጥፌ ባለቤቱ እስኪመጣ ከሰው ልብስ ጋር ደረደርኩት። ከኋላዬ አንድ ወንድ «የእኔ ነው» አለኝ። ዞር ብዬ «ማነህ አንተ? በየት ገባህ?» ብዬ መተኮሻውን አነሳሁበት።

ያ ፊቱ! እስክሞት ከዓይኔ አይጠፋም። መተኮሻውን ጥዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ቀዝቅዟል፤ በጠራራ ፀሐይ ቀዝቅዟል።

«ተይው በቃ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሕፃኑን አላየሽውም? ጉንጭ አውጥቷል እኮ። ጭራሮም ቁርስ ሳትበላ አትሄድም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ለፍቼ ያላመጣሁትን አሁን ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ አመጣሁት። ይቀጥል።»

«ወግድ!» አልኩት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩበት። «እኔ ሰው ሸጬ ወተት አልገዛም! ቁም! ጃኬትህን ልበስ!»

ልጆቹን የምተውበት ስላልነበረኝ ሁላችንም ሄድን። እሱን እጁን ይዤ፣ ሕፃኑን አዝዬ፣ ጭራሮን ከፊት አስቀድሜ። የድጎማው ቢሮ አዳራሽ በሴት ተሞልቷል። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ አሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ግን በየሴቲቱ አጠገብ አንዳንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አለ። አንዲት አሮጊት አጠገብ ልቀመጥ ስል እጃቸውን ቦታው ላይ ዘረጉት።

«ሰው አለበት ልጄ» አሉኝ።

ይቅርታ ብዬ ቆምኩ። አልፌ ሌላዋ ጋ ሄድኩ። እሷም «ሰው አለበት» አለችኝ። ማንም ግን ሊቀመጥ አልመጣም። ባሌ እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

ተራችን ደረሰ። ኃላፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድካም የገደላት ሴት ናት። ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ እሰድባት ነበር።

«በስህተት ነው የተመዘገብነው» አልኳት። «ባሌ አልሞተም።»

«የት አለ?»

«ይኸው!»

መነጽሯን አደረገች። የቆመበትን ቦታ ከላይ እስከ ታች አየች። መነጽሯን አወለቀች።

«እህቴ፣ በሳምንት ስንት ሴት እዚህ መጥታ ‹ይኸው› እንደምትለኝ ብታውቂ! ሐዘን ከባድ ነው። ይገባኛል።»

«አለሁ እመቤት! እዚሁ ነኝ!» አለ እሱ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፎ። ወረቀቱ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እሷ እጇን ጫን አደረገችበትና በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ መስኮቱን እንዲዘጋ ጠየቀችው።

«ስሚኝ» አለችኝ። «ዛሬ የማጣሪያው የመጨረሻ ቀን ነው። ማህተም ካረፈበት በኋላ እኔም አላርመውም፤ አለቃዬም አያርመውም። እስቲ ስሙን ንገሪኝ፣ እዚህ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ምናልባት በፋብሪካው ዝርዝር ውስጥ ላገኘው እችላለሁ።»

ስሙን! አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ከተጋባን ጀምሮ «አንተ» ነው የምለው። ስናደድ «አንተ ሰውዬ»፣ ስወደው «የኔ ጌታ»፣ ለጎረቤት «የልጆቼ አባት»። ስሙን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ዞሬ «ስምህ ማነው? ቶሎ በል!» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱም ጠፍቶበታል።

ኃላፊዋ ማህተሙን ከቀለሙ ላይ አነሳች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሕፃኑም ተከተለኝ። ያዘነች መሰለኝ፤ ማህተሙን በእጇ እንደያዘች ጭራሮን አየቻትና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«አንቺስ ቆንጆ? ማን ይባላል ስምሽ?»

«ሙሉ ስሜን?»

«አዎ፣ ሙሉውን።»

ልጄ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆመች። ስሟን ተናገረች። ቀጥላ ደግሞ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የአባቷን ስም።

«አቤት!» አለ ከጎኔ።

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ኃላፊዋ ማህተሙ ከእጇ ወደቀ። ዘበኛው «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መቼ ገባ?» አለ። የልጆቼ አባት ጢሙ አድጎ፣ ጃኬቱን አዛብቶ ቆልፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ቆሟል። ክንዱን ቆነጠጥኩት፤ «ኧረ ያማል!» አለኝ። ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ።

«አባዬ፣ አንተን እኮ አልጠራሁም» አለች ጭራሮ። «ስሜን ነው የነገርኳት።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ጻፈች። «ድጎማው ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። እናንተ እንደ አዲስ ነው የምትመዘገቡት፤ መቼ እንደሚደርሳችሁ አላውቅም። ገብቶሻል?»

«ይቁም» አልኳት። ቤት ያለው ወተት ለአራት ቀን እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቢሆንም ይቁም አልኩ፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ይቁም ነው የምላት።

ልንወጣ ዞርን። ሴቶቹ ሁሉ የሚያዩት ልጄን ነው። ከዚያ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ወጣት ሴት ከጎኗ ወዳለው ክፍት ቦታ ዞር ብላ፣ እያፈረች፣ የአንድ ሰው ስም ጠራች። ከባዶው ላይ በጣም ቀጭን የሆነ «አቤት» መጣ። ሴትየዋ እሪ አለች። ወዲያው በየወንበሩ ስም መጠራት ጀመረ፤ በለቅሶ የሚጠራ፣ በቁጣ የሚጠራ። የሚመለስም አለ፤ የማይመለስም አለ።

ቅድም ያልኳችሁ አሮጊት በር አጠገብ ካለው ወንበራቸው ሳይነሱ በአንድ እጃቸው የጭራሮን ቀሚስ ያዙ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ጥሪልኝ እስቲ። የእኔን ድምፅ ስለለመደው ነው ዝም የሚለኝ።»

የባላቸውን ስም ጆሮዋ ላይ ነገሯት። ልጄ አየችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩላት። ጠራች። ደግማ ጠራች። ሁላችንም ክፍት ቦታውን አየን። ባሌ ጀርባውን አዞረ።

አሮጊቷ ሌላ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አላነሱም።

«ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል» አሉን። «ጮክ ብለሽ ጥሪው።»